በደቡብ በኩል ያለችው አጭር መቃብር

ማስታወቂያውን ለሰው ያነበብኩት እኔ ነኝ። ቅዳሴ ወጥተን ሕዝቡ ቅጽሩ በር ላይ ተከማችቶ ወረቀቱን እንደ ሥዕል ያየዋል። ማንበብ የሚችሉት ጎረምሶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው አልፈዋል። አንድ ሽማግሌ በክርናቸው ገፋ አደረጉኝና «አንተ ፊደል ቆጥረህ የለ፤ በል እስቲ ጮክ በል» አሉኝ። ጮክ አልኩ።

አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ነው። ከአሮጌው ይሰፋል፤ የሚሰፋው ደግሞ ወደ ደቡብ ነው። በደቡብ በኩል ዘመድ የቀበረ ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ አጽሙን ያንሣ፣ በሰሜን በኩል ቦታ ይሰጠዋል ይላል። አጽም የሚያነሣ ሰው መቃብሩ የማን እንደሆነ ማስረጃ ያቅርብ፤ ማስረጃ ከሌለው መቃብሩን የሚያውቅ ምስክር ያምጣ። ባለቤት ያልቀረበለት አጽም በአንድ ጉድጓድ በጋራ ይቀበራል። ከታች ማኅተም አለበት።

ስጨርስ ሴቶቹ እልል አሉ። እነሱ የሰሙት ቤተ ክርስቲያን እንደሚሠራ ነው። እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን መስመር ነው። እናቴ ያለችው በደቡብ በኩል ነው።

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። እውቀት ናፍቆኝ አይደለም። እዚህ ጋ አውራ ጣትህን አሳርፍ እየተባልኩ ባሳረፍኩበት ወረቀት ሁሉ ስለተቃጠልኩ ነው። ቀበሌው የእህል ማስቀመጫ ቤት ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ከፍቶ ነበር፤ እዚያ ከጆንያ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። መምህሩ ከልጄ ያንስ ነበር። ስሳሳት ይስቃል። ሳልሳሳትም ይስቃል። ቢሆንም ተማርኩ።

ማንበብ ስችል ሰዉ የሰጠኝ ሥራ ሙታንን ማንበብ ነው። ድሮ እኛ ዘንድ ለሟች ሙሾ ይወረድ ነበር። አሁን ከደብሩ ወጥቶ የማያውቅ ገበሬ እንኳ አፈር ሳይለብስ የሕይወት ታሪክ ይነበብለታል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያሉ ልጆቹ በስልክ ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ፤ አነባለሁ። ሁሉም አንድ ናቸው። ደግ፣ ሰው አክባሪ፣ ለሃይማኖታቸው የቆሙ። በወሰን ተጣልተን በዱላ የፈነከተኝን ሰው «ሰው አክባሪ» ብዬ አንብቤለታለሁ። ጠባሳው ግንባሬ ላይ እያለ። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ አላቋርጥም፤ ለዚህ ነው የሚፈልጉኝ። የሚያለቅስ አንባቢ ቀብር ያስረዝማል።

እናቴ ግን ወረቀት የላትም። ፊቷንም በደንብ አላስታውሰው። ከአባቴ ጋር ሲፋቱ እሷ እዚያው ደብር ውስጥ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ እኔን አባቴ መርሐቤቴ፣ ቆላ ወዳለ ዘመዱ ላከኝ። እዚያ ማሽላ ላይ ወፍ እየጠበቅኩ አደግኩ። ስመለስ እናቴ የለችም።

መርዶ የነገረኝ ሰው የለም። መርዶ በኛ አገር በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየውን ደግፈው ይዘው ነው የሚነገረው። እኔ የሰማሁት መንገድ ላይ ነው። አንዲት ሴት ውሃ ተሸክማ ስታልፍ አየችኝና «ውይ፣ የሟቿ ልጅ!» አለች። ሟቿ ማን እንደሆነች የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

አባቴን የት እንደተቀበረች ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ዝም አለኝ። የደብሩ ንግሥ ዕለት ቅጽሩ ውስጥ ቆመን ሳለ ብነዘንዘው በአገጩ ወደ ደቡብ አመለከተኝና «እዚያ» አለኝ። በኛ ደብር እያንዳንዱ ወገን የየራሱ መቀበሪያ አለው። ደቡቡ የአባቴ ወገን ነው። ሐውልት የሚባል ነገር የለም፤ የድንጋይ ክምር ነው። ከክምሮቹ መካከል ገና ሳር ያልበቀለባት አንዲት ነበረች። አጭር ናት። እናቴን አጭር ሴት ነበረች ሲሏት ሰምቻለሁ። በቃ፣ እሷ ናት አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ንግሥ፣ ታቦቱ ሲገባ፣ እዚያች ክምር ራስጌ ጧፍ አበራለሁ። የሞተችበትን ቀን ስለማላውቅ ንግሡን ቀኗ አድርጌዋለሁ። አላለቅስም። የማላውቀውን ሰው እንዴት አለቅሰዋለሁ? ጧፉ እስኪያልቅ እቆማለሁ፤ ነፋስ ካጠፋው እሄዳለሁ።

አሁን ያቺን ክምር አፍርሰው ከማንም ጋር ሊደባልቋት ነው። ይኼን አልፈልግም ነበር። ሌላ ምንም ነገር ፈልጌ አላውቅም ማለት ይቻላል። ይኼን ግን አልፈልግም።

መጀመሪያ ወደ ወረዳው ከተማ፣ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ወሳኝ ኩነት የሚባል ክፍል አለ፤ ልደቱም፣ ጋብቻውም፣ ፍቺውም፣ ሞቱም በአንድ ጠረጴዛ ነው። ከጠረጴዛው ኋላ ያለችው ልጅ ጥፍሯን ቀይ ቀለም ተቀብታለች። የአንዱ ቀለም ተልጧል። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ያየሁት እሱን ጥፍር ነው።

«አባቴ፣ ምን ልታዘዝ?»

«የእናቴን ሞት ፈልጊልኝ።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

«እሱን ከናንተ ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ሳቀችና አፏን በእጇ ያዘች። «እሺ፣ በግምት። በማን ጊዜ ነው?»

«በደርግ።»

«ውይ አባቴ! እኛ ጋ የዚያን ጊዜ ሞት የለም።»

«ነበረ ልጄ። በደንብ ነበረ።»

«ምዝገባው ማለቴ ነው እኮ! የሞት ምዝገባ የተጀመረው በቅርብ ነው። ከፈለጉ ግን አሁን እንመዘግባቸዋለን፤ የዘገየ ምዝገባ ይባላል። የሞቱበትን ቀንና ምስክር ይዘው ይምጡ።»

«ምስክር ቢኖረኝ አንቺ ጋ ምን አመጣኝ?»

ከኋላዬ ሕፃን ያቀፈ ሰውዬ ተራ ይጠብቃል። ትከሻዬን ነካ አደረገና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእርስዎ ሟች አይቸኩሉም። የኔዋ ግን ጡት ፈልጋ መጮኽ ጀምራለች» አለኝ። በክፍሉ ያለው ሁሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። እኔም ቦታ ለቀቅኩለት። ሕፃኗ እውነትም ትጮኽ ነበር፤ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ስሟን ሲጽፉላት ሰማሁና ወጣሁ።

የሚኒባሱ ረዳት መሐል ላይ አጣብቆ አስቀመጠኝ። ከጎኔ ያለው ነጋዴ የበግ ቆዳ ይዟል፤ መንገዱን ሙሉ ሸተተኝ። ስለ እናቴ አላሰብኩም። ስለ ቆዳው ነው ያሰብኩት።

ዕድሩም ጋ ሄጄ ጠየቅሁ። የዕድር መዝገብ የሚያውቀው አባወራን ነው። ሴት ስትሞት የእገሌ ሚስት ተብላ ትጻፋለች። የተፈታች ሴት የማንም ሚስት አይደለችም፤ ስለዚህ አልሞተችም። የዕድሩ ጸሐፊ ይኼን ሲነግረኝ አላፈረም፤ ምን አሳፈረው፣ መዝገቡን እሱ አልጀመረው።

በመጨረሻ ወደ ቄሰ ገበዙ ሄድኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረትና ቅጽሩን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፣ ግን «ልጄ» ይሉኛል። መስቀል ተሳለምኩና የእናቴን ነገር ነግሬያቸው ጠየቅሁ።

«አባ፣ ፍትሐት የተደረገለት ሰው ስሙ የትም አይጻፍም?»

«በሰማይ ይጻፋል ልጄ።»

«በምድርስ?»

«በምድርማ ካህኑ የክርስትና ስሟን ይጠራል። ከዚያ ካህኑም በተራው ይሞታል።» የሚቀልዱ አይመስሉም። «ምስክር አምጣልኝ። ቀብሯ የቆመ አንድ ሰው ይበቃኛል። አንድ።»

«የቆሙት ሁሉ ሞተዋል።»

«ሁሉም አልሞቱም» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ማንን እንዳሉ ገብቶኛል።

የእንጀራ እናቴን ነው። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ደጇን ረግጬ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ አትመታኝም ነበር፤ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። አታየኝም። ማዕድ ሲቀርብ ድርሻዬን ከፊቴ ታስቀምጥና ፊቷን ታዞራለች፤ በቤቱ ውስጥ ከድመቷ ጋር ስታወራ እሰማታለሁ፣ ከኔ ጋር ግን አታወራም። በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር የምታየኝ፣ ንግሥ ዕለት። ጧፌን ሳበራ ቅጽሩ ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ትቆምና ዓይኗን ከኔ አትነቅልም። ነገረኛ፣ ሙት ላይ እንኳ ትቀናለች እል ነበር። አድጌም፣ ወልጄም፣ አርጅቼም ያንኑ ነው ያልኩት።

ስደርስ ከደጇ ካለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቀች የበግ ሱፍ ትፈትላለች። ዓይኗ ደክሟል፤ በጣቷ ነው የምትፈትለው። እርስዎ ነው የምላት። እናት ብትሆን አንቺ እላት ነበር።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«የሟቿ ልጅ።»

እንዝርቱ ቆመ። «ደጄን የረገጥከው አባትህ ሲቀበር ነው። ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያ ምን አመጣህ?»

ማስታወቂያውን ነገርኳት። ሰምታው ኖሯል። የመሐል ሜዳውንም፣ የዕድሩንም ነገርኳት። ተቀመጥ አላለችኝም፤ እኔም አልተቀመጥኩም።

«የእናቴ ቀብር ላይ ቆመው ነበር?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያስ ለቄሰ ገበዙ ይመስክሩልኝ። ደቡብ በኩል ያለችው የእሷ ናት ይበሉ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም፤ ጠይቄም አላውቅም።»

«አልመሰክርም።»

የጠበቅኩትን ነው ያገኘሁት። ንዴቱ እንኳ ጊዜ ወስዶ ነው የመጣው። «ልጅ ሆኜ ጠሉኝ፣ እሺ። አሁን የቀረኝ አጥንት ነው። አጥንቱንም ይመቀኙኛል?»

«ስለጠላሁህ አይደለም» አለች። «ብጠላህ ኖሮ እመሰክርልህ ነበር። ሄጄ አዎ የእናቱ ናት እላለሁ፤ አንተም አንሥተህ ስመህ ትቀብራለህ። በመቃብር ላይ አልዋሽም። እዚያ ያለችው እናትህ አይደለችም።»

«ማን ናት ታዲያ?»

እንዝርቱን አዞረችው። ክሩ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ተበጠሰ። «ልጄ ናት» አለች።

ልጅ እንደነበራት አላውቅም ነበር። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። እኔ መርሐቤቴ ሳለሁ ነው የወለደችው። ሴት ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ድድዋን መታከክ ስትጀምር ታማ ሞተች። ለሕፃን ጥሩምባ አይነፋም፣ ዕድርተኛ አይወጣም። አባቴና አንድ ቄስ ወስደው ከወገኑ ጎን ቀበሯት። ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴ ሞተች። እኔ ስመጣ በደቡብ በኩል ሳር ያልበቀለባት ክምር የሕፃኗ ነበረች።

«አባቴ እዚያ ናት ብሎኛል።»

«አባትህ የእናትህ ቀብር አልቆመም። አፍሮ ቀረ። ልጁ እናቴ የት ናት ሲለው ምን ይበል? በአገጩ ወደ ዘመዶቹ መቃብር አመለከተ።»

«እርስዎስ? እርስዎ እያወቁ ይኼን ሁሉ ዘመን ሲያዩኝ!»

«ብነግርህ ጧፉን ይዘህ ትሄድ ነበር።»

የተበጠሰውን ክር በጣቷ እየፈለገች ቀጠለች።

«እኔ እንዳላበራ አባትህ ከለከለኝ። ለሕፃን የምታበራ ሴት ሁለተኛ አትወልድም አለ። አላበራሁም። አልወለድኩምም። እሱ ሲሞት ደግሞ አንተ ታበራለህ። ሁለት ሰው አንድ ክምር ላይ ቢያበራ፣ አገሩ አይጠይቅም?» ሱፉን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «ነፋስ ሲያጠፋው ጥለህ ትሄድ ነበር። ያ ያናድደኝ ነበር።»

እናቴ የት እንደሆነች ጠየቅሁ። በሰሜን በኩል፣ ከአባቷ ወገን አለች። የትኛዋ ናት ስላት አላወቀችም። ዝናብ ነበር፣ ሰው ጥቂት ነበር፣ ድንጋዩም በወጉ አልተከመረላትም። የእናቴ ወገን የሚባል ሰው ከሞት የተረፈው ክፉ ቀን ሲመጣ ወደ ቆላ ወርዶ እዚያው ቀርቷል፤ የሚያሳይ የለም። ሁሉም ሳር ሆኗል አለች።

ቻው ሳልላት ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድ ጎረቤቴ ገብስ አውድማ ላይ ያበራያል፤ ና እስቲ ያዝልኝ አለኝ፤ ያዝኩለት። እስኪመሽ አብሬው ስሠራ ዋልኩ። ምን ሆንክ አላለኝም። ፊቴ ላይ ምንም አልነበረም መሰለኝ። ውስጤንም ፈልጌ ነበር፤ እዚያም ብዙ ነገር አላገኘሁም። አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ ይመጣብኛል፦ ሰሜኑን አያፈርሱትም። እናቴን የሚነካት የለም። የፈለግሁት ይኼን አልነበር? አገኘሁት። ሥራዬ አልቋል። ደቡብ ላይ ያለችው የኔ ጉዳይ አይደለችም።

ይኼን ብዬ ሰነበትኩ።

በሰንበት ቅዳሴ ሲያልቅ የእንጀራ እናቴን አየኋት። በበትር እየተደገፈች ቄሰ ገበዙ ፊት ቆማለች። ሰው ከቧታል፤ የሷ ነገር መቼም ሰው ይሰበስባል። እኔ ከኋላ ነበርኩ።

«ልጅሽ መሆኗን አምናለሁ እናቴ» ይላሉ ቄሰ ገበዙ። «ግን ሰበካው ምስክር አምጡ ብሏል። አንዱን ያለ ምስክር ካነሣሁ ነገ ሁሉም ይመጣብኛል። ሲቀብሯት ማን ነበር?»

«ባሌና አንድ ቄስ።»

«የታሉ?»

«የታሉ ይለኛል እንዴ! ከሷው ጎን ነዋ!»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረች፤ እንደማታየኝ አውቃለሁ፣ ግን ልክ ወደ ቆምኩበት ነው የዞረችው። «የሟቿ ልጅ እዚህ አለ?» አለች። «እሱ ያውቃታል።»

መንገድ ከፈቱልኝ። ሳልፈልግ ወደ ፊት ተገፋሁ።

«ልጄ፣ አንተ ያቺ መቃብር የእናቴ ናት ብለህ አልነበር?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ብዬ ነበር።»

አንዱ ከኋላ፣ «ይኼ ሰውዬ ደግሞ መቃብር ይለዋወጣል እንዴ!» አለ። ሌላው፣ «የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ውሎ ሙታኑ ተደባልቀውበት ነው» አለው። እንደገና ሳቅ።

አላውቅም ብል ያበቃ ነበር። ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ነው። ያኔ አንዲት ባልቴት፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «እህቱ እኮ ናት፣ ምን ያስቃችኋል?» አለች።

እህት። ያችን ቃል አላሰብኳትም ነበር። ይኼን ሁሉ ቀን የሷ ልጅ፣ የሷ ልጅ እያልኩ፣ የአባቴም ልጅ እንደሆነች ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም።

«የሷ ልጅ ናት» አልኩ። «የአባቴም። ስትቀበር አልነበርኩም። ግን ሌላ ሰው መስላኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ጧፍ ሳበራላት ኖሬያለሁ። ያቺ ክምር ላይ ከኔ በላይ የቆመ ሰው የለም።»

ቄሰ ገበዙ ሰዉን አዩት፤ የተቃወመ የለም። በየንግሡ ሁሉም አይተውኛል። «ይበቃል» አሉ።

የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሁለት የሰበካው ሰዎች አገዙኝ። ድንጋዩን አንሥተን፣ በዶማ ሳይሆን በአካፋ ቀስ እያልን ወረድን። ብዙም አልወረድንም። ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘን፤ ከሥሩ ከሌላው አፈር የጠቆረ አፈር አለ። አጥንት የለም። ከሰዎቹ አንዱ «የሕፃን አጥንት በኛ መሬት አይቆይም፣ እርጥበቱ ይበላዋል» አለ። ቄሰ ገበዙን ምን እናድርግ ብለን አየናቸው። አፈሩን ውሰዱት አሉ።

የእንጀራ እናቴ አቡጄዲ አመጣች። አዲስ ነው፤ መቼ እንደገዛችው አልጠየቅሁም። ጥቁሩን አፈር በእጄ እየዘገንኩ አደረግሁበት፣ ጠቅልዬ አሰርኩትና አስታቀፍኳት። ትንሽ ይዛ ቆየች፤ ክብደቱን የምታይ ይመስል ከፍ ዝቅ አደረገችው።

«ይኼን ያህል አትከብድም ነበር» አለች።

በሰሜን በኩል ቦታ ሰጡን። ከጥንቶቹ የሳር ክምሮች ዳር ነው። ቄሰ ገበዙ የክርስትና ስሟን ጠየቁ፤ የእንጀራ እናቴ ጠጋ ብላ ነገረቻቸው። እኔም ሰማሁት። እዚህ አልጽፈውም። ፍትሐቱ አጭር ነበር። አፈር ከመመለሱ በፊት እጄን ያዘችኝ፤ ነክታኝ አታውቅም።

«የሕይወት ታሪክ አንብብላት።»

«ወረቀት የለኝም።»

«ያለ ወረቀት አንብብ። አንተ አይደለህ አንባቢው?»

«ምን ልበል?»

ነገረችኝ፤ እየተከተልኩ በቀብር ድምፄ አነበብኩት። ተወለደች። ክርስትና ተነሣች። ጸጉራም ነበረች። ሌሊት አታስተኛም ነበር። ጥርስ ልታወጣ የእናቷን ጣት ታኝክ ነበር። ታመመች፣ ሞተች። ደግ ነበረች አላለችኝም፣ ሰው አክባሪ ነበረች አላለችኝም። እኔም አልጨመርኩም። ካነበብኳቸው ሁሉ አጭሯ እሷ ናት።

አፈር መለስን። ሰዎቹ እጃቸውን አራግፈው ሄዱ። እኔና እሷ ቀረን። ወደ ሳር ክምሮቹ ዞርኩ፤ ከነዚያ አንዷ እናቴ ናት። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ለየትኛዋ ላብራ?

«እርስዎ ቀብሯ ለምን ቆሙ?» አልኳት። «ባሏን ያገቡባት ሴት ነዎት። ማንም አያስገድድዎትም ነበር።»

በበትሯ አዲሱን አፈር ነካ ነካ አደረገች። እንደማትነግረኝ አስቤ ልሄድ ስል ጀመረች።

«ልጄ የሞተች ዕለት አባትህ ሌላ ትወልጃለሽ ብሎኝ ወደ እርሻው ሄደ። ጎረቤት አልመጣም፤ ለሕፃን ማን ይመጣል? የመጣች እናትህ ብቻ ናት። ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ከጎኔ ተቀመጠች። አላጽናናችኝም፣ ምንም አላለችም፣ እስኪመሽ ተቀመጠች። አባትህ ሲመጣ ድምፁን ሰማችና ተነሣች።»

«ምንም ሳትል?»

«በሩ ላይ ስትደርስ ዞረችና ‹የኔም የለም› አለችኝ። አንተን ነው።»

የደጋው ነፋስ ከጓሳ ተራራ በኩል ይመጣል፣ ሳሩን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋድመዋል። የሰማሁትን ለማንም ድምፄን ከፍ አድርጌ አላነበብኩትም። ስለ እናቴ ያለኝ ይኼ ነው። መሐል ሜዳ ብወስደው ያቺ ባለ ቀይ ጥፍር ልጅ የት ታስገባዋለች?

ሁለት ጧፍ ይዤ ነበር። አንዱን ለሕፃኗ ተከልኩላት። ሁለተኛውን ከሳር ክምሮቹ ለአንዷም ሳላዳላ መሐላቸው ላይ ተከልኩና ለኮስኩት። ነፋሱ ወዲያው አጠፋው።

የእንጀራ እናቴ በበትሯ ተደግፋ ትጠብቃለች። ዓይኗ አያይም፣ ግን መጥፋቱን ያወቀች ይመስለኛል።

ተንበርክኬ፣ ጀርባዬን ለነፋሱ ሰጥቼ፣ እንደገና ለኮስኩት።